አሮጌ ቤት ሲመዘን



ባለፈው የጥር ወር፣ በአንድ ሰንበት፣ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤቴ ስመለስ አንዲት እማሆይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ላይ አስቆሙኝ። እኚህ እናት በደብረ ኤልያስ ዙሪያ የሚኖሩ፣ ከልጅነቴ ጀምረው የሚያውቁኝ ናቸው፤ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን ደግሞ በትምህርት ቤት ያስተማርኋቸው እኔ ነኝ።

«ልጄ» አሉኝ፤ «ልጆቼ የአባታቸውን ቤት አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩ ተነሥተዋል። እኔ ቅርስ ነውና አይነካም እላለሁ፤ እነርሱ አርጅቷልና ይፍረስ ይላሉ። አንተ ከቤተ ክህነቱም ከአስኳላውም የተማርህ ነህና መጥተህ እየው። ያልኸውን ልንቀበል ሁላችንም ተስማምተናል።»

ጥያቄው ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ለሚመልሰው ግን ሸክም ነው። «ቅርስ ነው» ብል፣ ትዳር ሊይዙ የተዘጋጁ ሁለት ጎልማሶች በሚያፈስስ ጣሪያ ሥር ይቀመጡ ማለቴ ነው። «አይደለም» ብል ደግሞ በማግሥቱ ምሳርና ዶማ ይነሣል፤ አንድ ጊዜ የፈረሰውን ቤት እንደ ነበረ አድርጎ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ «አንድ አሮጌ መኖሪያ ቤት በአሠራሩ ዋጋ ያለው መሆኑ በምን ይታወቃል?» የሚለውን ነገር ለዚህ ወር ጽሑፌ መረጥሁት። ጥያቄው የእኚህ እማሆይ ብቻ ሳይሆን በየቤታችሁ የሚነሣ መሆኑን አውቃለሁና።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ስሕተት ይታያል። አንደኛው ያረጀውን ሁሉ ክቡር ማድረግ ነው። ሁለተኛው ያረጀውን ሁሉ የድህነት ምልክት አድርጎ በእርሱ ማፈር ነው። እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒዎች ቢመስሉም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ይኸውም ቤቱን ሳያዩ መፍረድ ነው። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉና፣ እኔም በሳምንቱ ቅዳሜ ከስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች አራቱን አስከትዬ፣ ሜትርና ገመድ፣ ደብተርና እርሳስ አስይዤ ወደ ቤቱ ሄድሁ። ልንመልሳቸው የሚገቡንን አራት ጥያቄዎችም አስቀድመን ጽፈን ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ ተሠራ?» የሚል ነው።

የቤተሰቡ ቃል፣ ቤቱ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን እንደ ተሠራና ንጉሡም አንድ ሌሊት እንዳደሩበት የሚተርክ ነው። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. የነገሡ፣ በ1893 ዓ.ም. ያረፉ የጎጃም ንጉሥ ናቸው፤ ቤተ መንግሥታቸውም ቀድሞ መንቆረር ይባል በነበረው በደብረ ማርቆስ ነበር። ደብረ ማርቆስም ከእኛ ሩቅ አይደለምና ታሪኩ የማይሆን ነገር አይደለም። ነገር ግን ሊሆን የሚችለው ሁሉ ሆኗል ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከሰው ቃል ቀጥሎ እንጨቱን ጠየቅነው።

ክቡን ቤት የያዙት ቋሚዎች ጽድና ወይራ ናቸው። በምሳር ተጠርበዋል እንጂ መጋዝ አልነካቸውም፤ ማገሩም በልጥና በጠፍር የታሰረ ነው እንጂ ምስማር የለበትም። ከክቡ ቤት በስተ ኋላ የተቀጠለው ባለ አራት ማዕዘን ክፍል ግን በባሕር ዛፍ የቆመ፣ በምስማር የተመታ ነው። ባሕር ዛፍ ወደ ሀገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ዓመታተ ምሕረት ነው፤ መጀመሪያም የተስፋፋው በአዲስ አበባ ዙሪያ ነበር። ተተክሎ፣ አድጎ፣ ለቋሚ ደርሶ፣ እስከዚህም ድረስ ተዛምቶ ለመሠራት ዓመታት ይፈልጋል። እንግዲህ ያ የኋላው ክፍል ከንጉሡ ዘመን በኋላ የተሠራ መሆኑ ግልጥ ነው። ክቡን ቤት በሚመለከት ግን እንጨቱ የቤተሰቡን ቃል አይቃወምም፤ አያረጋግጥምም። በጽድና በጠፍር መሥራት ከንጉሡ ዕረፍት በኋላም ብዙ ዘመን የቆየ ልማድ ነበርና። በደብተራችንም «አንድ የሚመስለው ቤት ሁለት ቤት ነው» ብለን ጻፍን።

ዕድሜ ብቻውን ፍርድ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የጥንታዊ ቅርሶች አዋጅ ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ነገር ጥንታዊ ብሎ ይቆጥር ነበር። በዚያ ልክ ቢመዘን እንኳን ይህ ቤት፣ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥትም ከመስፈርቱ ውጭ ይሆን ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ግን ቅርስን በዓመት አልወሰነውም፤ ይልቁንም በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በሥነ ጥበብና በእጅ ሥራ በኩል ባለው ከፍ ያለ ዋጋ ይመዝነዋል። ስለዚህ የመቶ ዓመት ቤት ምንም የማያስተምር ሊሆን ይችላል፤ የሃምሳ ዓመቱ ደግሞ ብዙ ሊያስተምር ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ማን ኖረበት? ምንስ ተደረገበት?» የሚል ነው።

ስለ ንጉሡ ማደር ሁለት ሽማግሎች ጠየቅሁ። አንደኛው «አዎን፣ አባቴ ነግሮኛል» አሉ። ሁለተኛው ደግሞ ሣቅ ብለው «ንጉሡ አይደሉም፤ የንጉሡ በቅሎ ጫኞች ናቸው ያደሩበት» አሉኝ። የተጻፈ ነገር አላገኘንምና «ይባላል» ብለን መዘገብነው። «ይባላል» የምትለው ቃል ትንሽ ብትመስልም የታማኝ ሰው ቃል ናት፤ ተረቱን አትጥለውም፣ እውነትም ነው ብላ አትምልም።

በዚህ ረገድ የሐረሩ «የራምቦ ቤት» ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። ራምቦ የተባለው ፈረንሳዊ ባለ ቅኔ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነጋዴ ሆኖ ሐረር ገባ፤ እየወጣና እየተመለሰ ከኖረ በኋላም ታምሞ ወደ ሀገሩ ሄደና በ1891 በማርሴይ ሞተ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው፣ ጐብኚ ሁሉ የሚያየው ያማረ የእንጨት ቤት ግን ከሞቱ በኋላ አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። እንግዲህ ራምቦ በዚያ ቤት አልኖረም። ይህ ሲታወቅ ቤቱ ረከሰን? አልረከሰም። የተቀባው ጣሪያው፣ ባለ ቀለም መስተዋቱና የእንጨት ሥራው የሕንድ ነጋዴዎች በሐረር እንዴት ያለ ቤት ይሠሩ እንደ ነበር የሚመሰክሩ ናቸውና በራሱ ዋጋ ቆሟል። ከዚህ የምንማረው፣ ስሙ የሐሰት ሆኖ ሥራው እውነተኛ የሆነ ቤት እንዳለ ነው። ለእማሆይም «ንጉሡ ባያድሩበትም ቤትዎ አይዋረድም» ያልኋቸው ይህን አስቤ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «አሠራሩ ምን ያስተምራል?» የሚለው ነው። የነገሩ ልብ ይህ ነው።

ልጆቹ የክቡን ቤት ዙሪያ በገመድ ለኩት፤ 37 ሜትር ከ70 ሆነ። ለ3.14 ሲያካፍሉት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ስፋት 12 ሜትር ወጣ። በውስጡ ሌላ ክብ አለ፤ ስፋቱ 7 ሜትር ሲሆን 16 ቋሚዎች ይዘውታል። በሁለቱ ክቦች መካከል የሚቀረው ሁለት ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ዙሪያ ገብ ቦታ ነው። እርሱም በጭቃ ግድግዳ ተከፋፍሎ በአንድ በኩል የበቅሎና የጥጃ ጋጥ፣ በሌላው ጓዳ፣ በሌላውም የእህል ጎታ ማስቀመጫ ነበር። ሰው የሚኖረው በመካከል፣ በምድጃው ዙሪያ፣ በመደቡ ላይ ነው።

ይህ አሠራር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። የደጋው ሌሊት ብርድ ነው፤ ብርዱ ወደ መካከሉ ከመድረሱ አስቀድሞ ከብቱንና እህሉን ማለፍ አለበት። የከብቱ ትንፋሽም ቤቱን ያሞቃል። የምድጃው ጢስ ወደ ላይ ወጥቶ ወራጁንና ማገሩን በጥቀርሻ ይሸፍነዋል፤ ጥቀርሻውም እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ቋሚዎቹ ጽድና ወይራ መሆናቸው ደግሞ ምስጥ በቀላሉ ስለማይደፍራቸው ነው። የኋላው የባሕር ዛፍ ክፍል በዕድሜ ታናሽ ሳለ እግሩ ተበልቶ ዘመም ያለው፣ ክቡ ግን ቀጥ ብሎ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። መዝጊያውንም አየነው። ከአንድ ሰፊ ሳንቃ የተጠረበ ሆኖ፣ ያለ ብረት ማጠፊያ፣ ከራሱ ከእንጨቱ በወጣ ሾጣጣ ጫፍ ከላይና ከታች በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ይዞራል። ከተማሪዎቼ አንዱ በጣቱ ገፋ ቢያደርገው ያለ ድምፅ ተከፈተ፤ ልጁም ደግሞ ደግሞ ከፈተው።

ሌላው ተማሪ ደግሞ «ይህስ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን በክብ ውስጥ ክብ ነው» አለ። ደስ አሰኘኝ። በርግጥ ክብ ሆነው በተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት ከመካከል ያለው መቅደስ ብዙ ጊዜ አራት ማዕዘን ነው። ሆኖም ከውጭ ወደ ውስጥ በየደረጃው የሚያስገባው አሠራር የአንድ ሀገር አናጢ እጅና ልብ እንደ ሆነ ልጁ በዓይኑ አይቶ ተረድቷል። መጽሐፍ ያላስተማረውን ቤት አስተማረው ማለት ነው።

«የገበሬ ቤት ምን ቅርስ ይሆናል?» የሚል ቢኖር ላሊበላን ይመልከት። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገቡ፣ በአጠገባቸው ያሉት ከቀይ ድንጋይ የተሠሩ ክብ ባለ ፎቅ የላስታ መኖሪያ ቤቶችም አብረው ተጠቅሰዋል። የሐረር ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 ሲመዘገብም የሐረሪዎች መኖሪያ ቤት የውስጥ አሠራር ከከተማይቱ ዋና ሀብቶች አንዱ ሆኖ ተቆጥሯል። በውጭውም ዓለም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የተሰበሰቡ የሥነ ሕንፃና የጥገና ሊቃውንት ባወጡት ቻርተር፣ ክብር ለታላላቅ ሕንፃዎች ብቻ ሳይሆን ዘመን ትርጉም ለሰጣቸው ትሑታን ሥራዎችም እንዲሆን ተስማምተዋል።

አራተኛው ጥያቄ «ስንት ቀርቷል? የቀረውስ ምን ያህል እንደ ነበረ ነው?» የሚል ነው።

እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ክብ ቤት ብርቅ አልነበረም። ብርቅ ስላልነበረም ልብ ብሎ ያየው፣ የለካውም አልነበረም። አሁን ግን በዚያ ቅዳሜና በማግሥቱ ከተማሪዎቼ ጋር ያን መንደርና ሁለት ጎረቤት መንደሮችን ዞረን ብንፈልግ ሌላ አንድ ብቻ አገኘን፤ እርሱም ውስጠኛው ክብ ተነቅሎ የእህል መጋዘን ሆኗል። አንድን ቤት ለብቻው እያዩ መፍረድ የማይገባው ስለዚህ ነው። ተራ የነበረው ሥራ፣ ጓደኞቹ ሲያልቁ፣ የሁሉንም ምስክርነት ብቻውን ይሸከማል። በአዲስ አበባ በፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ሰፈሩ በአዲስ መልክ ተሠርቷል፤ የፈረሱትን ማየት የሚሻ ሰው አሁን ወደ ፎቶግራፍ ከመሄድ በቀር መንገድ የለውም። ፎቶግራፉም ያልተነሣለት ቤት እንዳልነበረ ሆኖ ቀረ።

ስለ ጣሪያው ታላቁ ልጅ ተከራከረኝ። «መምህር፣ አባታችን ሰንበሌጡን አንሥቶ ቆርቆሮ መትቶበታል፤ እንግዲህ ጥንታዊነቱ ጠፍቷል ማለት አይደለምን?» አለኝ። ጥሩ ክርክር ነው። መልሱ ግን ከሥር ቀና ብሎ ማየት ነው። ከቆርቆሮው ሥር ያሉት ወራጆች ያው የጥንቶቹ ናቸው፤ የተለወጠው ልብሱ እንጂ አጥንቱ አይደለም። ቋሚዎቹ ተነቅለው፣ ውስጡ ፈርሶ፣ ዙሪያው ብቻ ቢቀር ኖሮ ፍርዴ ሌላ በሆነ ነበር።

እንግዲህ በምድጃው ዙሪያ ተቀምጠን የደረስንበትን ነገርኋቸው። ክቡ ቤት በአሠራሩ ዋጋ ያለው ነውና ባይፈርስ ይሻላል። የኋላው የባሕር ዛፍ ክፍል ግን ይህ ዋጋ የለውም፤ ምስጥም በልቶታል። እርሱን አንሥቶ፣ ከክቡ ቤት ጥቂት ፈቀቅ ብሎ፣ በዚያው ቦታ ላይ የብሎኬቱን ቤት መሥራት ይቻላል። እናት ከምድጃቸው አይለዩም፤ ልጆችም ቤት ያገኛሉ።

በዚህ ጊዜ እስከዚያ ዝም ብሎ የቆየው ታናሹ ልጅ «መምህር፣ የእርስዎስ የአባትዎ ቤት የት አለ?» አለኝ።

ይህን ያለኝ ሊሰድበኝ አይደለም፤ ልጁ ቅን ነው። ነገር ግን ለጥቂት ጊዜ መልስ አጣሁ። በኋላም እውነቱን ነገርሁት፤ ለእናንተም ልሰውረው አይገባኝም። የአባቴን ቤት ያፈረስሁት እኔ ነኝ። መምህር ሆኜ ደመወዝ ባገኘሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ባልንጀሮቼ መጥተው በጭቃ ቤት እንዳያዩኝ አፍሬ፣ በሦስት ቀን አስነቀልሁት። ቋሚዎቹን ለማገዶ ሸጥሁ፤ መዝጊያውም የዶሮ ቤት መክደኛ ሆነ። ያ ቤት ቅርስ ነበርን? ምናልባት አልነበረም። የሚያሳዝነኝ ግን መፍረሱ ብቻ አይደለም። ያደግሁበት ቤት ስንት ቋሚ እንደ ነበረው፣ አባቴስ ከየት ጫካ እንዳመጣው ዛሬ ልጆቼ ቢጠይቁኝ የምመልሰው የለኝም። ሳልለካው፣ ሳልጠይቅ አፈረስሁት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የተባለው ለእንደኔ ያለው ነው።

ታናሹም ጥቂት ቆይቶ «ጣሪያው ያፈስሳል፤ ማን ያድሰዋል?» አለ። ይህ የእውነት ጥያቄ ነውና ተቆጥቼ አላለፍሁትም። ቤትን ማክበር በቃል ብቻ ከሆነ ሸክሙን በድኻ ላይ መጣል ነው። ስለዚህ ሒሳቡን ጻፍን። የሚለወጡት ቆርቆሮዎች ጥቂት ናቸው፤ ጭቃውንና ጭዱን ራሳቸው አቡክተው ከክረምት በፊት ሊለስኑት ይችላሉ። ከምንም በላይ ውኃው ከግድግዳው ሥር እንዳይተኛ ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የጭቃ ቤትን ከዕድሜ ይልቅ የሚገድለው ከላይ የሚያፈስስ ጣሪያና ከታች የሚተኛ ውኃ ነውና።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላስታውስ። እኔ የሰጠሁት ምክር ነው እንጂ የሕግ ፍርድ አይደለም። አንድን ቤት ቅርስ ብሎ የሚመዘግበው የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ነው፤ ጥያቄውም ከወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይጀመራል። ባለቤቶች «ከተመዘገበ ይወሰድብናል» ብለው እንዳይፈሩ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በግለሰብ ባለቤትነትም ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል። በአንጻሩ ባለቤቱ እንዲጠብቀው ያስገድደዋል፤ ለጥገናም አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያዝዛል፤ ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ሲሆንም መንግሥት ከፊሉን ሊሸፍን እንደሚችል ይገልጻል። ይህን ሁሉ ለቤተሰቡ አስረድቼ፣ የለካነውን ወረቀት አንድ ቅጂ ለእነርሱ ሰጠሁ።

እናንተም፣ ውድ አንባብያን፣ የወላጆቻችሁን ቤት ለማፍረስ ወይም ለማደስ ስታስቡ፣ ከዕለቱ በፊት አንድ ቀን ብቻ ለቤቱ ስጡት። ዙሪያውን ለኩ፤ ቋሚውን ቍጠሩ፤ የእንጨቱን ዓይነት ለይታችሁ ጻፉ። በስልካችሁ ከውጭም ከውስጥም ፎቶግራፍ አንሡ፤ ስታነሡም መጠኑ እንዲታወቅ አንድ ሰው ወይም ሜትር አጠገቡ አቁሙ። አረጋውያኑን «ማን ሠራው? እንጨቱ ከየት መጣ? የቱ ክፍል በኋላ ተጨመረ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እርግጠኛ ያልሆኑበትን «ይባላል» ብላችሁ መዝግቡ። ወደ ጎረቤት መንደርም ሄዳችሁ መሰሉ እንዳለ እዩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤቱ ተራ ሆኖ ቢገኝ ያለ ጸጸት አፍርሱት፤ አዲስ ቤት መሥራት ነውር አይደለም። ዋጋ ያለው ሆኖ ቢገኝ ግን፣ እንደ እነዚህ ወንድማማቾች፣ አዲሱ ከአሮጌው ጎን የሚቆምበትን ቦታ ፈልጉ።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ የባሕር ዛፉ ክፍል መነሣቱን ሰምቻለሁ። ስለ ጣሪያው ግን ወንድማማቾቹ ገና በገንዘቡ እየተነጋገሩ ናቸው። እማሆይም ትናንት በቤተ ክርስቲያን ሲያገኙኝ፣ ስለ ንጉሡ አንድም ነገር ሳያነሡ፣ «ዐሥራ ስድስት ቋሚ አለው፤ ዐውቀህ ነበር ልጄ? እኔ ስድሳ ዓመት ስኖርበት አልቈጠርሁትም» አሉኝ።